ስሙን የጠራው ማን ነው?

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ካራቆሬ ውስጥ በእኛ ሰፈር የቅሬ ዳኛ የሚመረጠው ገበያ በማይውልበት ቀን፣ በጠዋት፣ ቆላው ሳይግል ነው። ሰዉ ሾላው ሥር ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎቹ በርጩማ ላይ፣ ጎልማሶቹ ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ በአጥሩ ጥግ። ተሰናባቹ ዳኛ ደብተሩንና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ መሐል ላይ ያስቀምጣል። ሒሳብ ይነበባል፤ ስንት ድንኳን አለ፣ ስንት ብረት ድስት ተበሳ፣ የማን መዋጮ ስንት ወር አለፈ። ከዚያ «በሉ እንግዲህ ስም ጥሩ» ይባላል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን የምትይዘው ከዚህ ቀጥላ የምትመጣው ቅጽበት ናት። አንዱ ብድግ ብሎ «እገሌ ይሁን» ይላል። ወዲያው እጅ አይወጣም፤ ዝም ይባላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የተጠራውን ሰው በልቡ ያገላብጠዋል። መቃብር ሲቆፈር አካፋውን ተሸክሞ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? ወሰን የተገፋበት ጎረቤት ሲያለቅስ እውነቱን የመሰከረው ማን ነበር? ሰክሮ ያውቃል? ከቤተሰቡስ ጋር እንዴት ነው? የተጠራውም «ኧረ ተዉኝ፣ አልችልም» ይላል። አንዳንዱ ይህን የሚለው ለወጉ ነው፣ አንዳንዱ ከልቡ ነው፤ ሰዉ ይለየዋል።

አንድ ዓመት፣ እኔ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ አንድ የተከበሩ ነጋዴ ስማቸው ተጠራ። ዝም ተባለ። ከአጥሩ ጥግ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ሳይቆሙ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ድንኳኑ የደረሰልኝ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያን ዓመት ድንኳን የማስተከሉ ኃላፊነት የነጋዴው ነበር። ነጋዴው አቀርቅረው ቆዩና «እውነት ነው፣ ሌላ ሰው ጥሩ» አሉ። ሌላ ሰው ተጠራ። ነጋዴውም ሴትዮዋም እስከ ዕለተ ሞታቸው ቡና ሲጠራሩ ኖሩ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል። የመጣው ለእናቱ ሙት ዓመት ነበር። ማታ ዘመድ ተሰብስቦ እሳቱ ዙሪያ ሲጫወት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ብርዱ ከተጠየቀ በኋላ፣ አንድ አባት ስለ ምርጫ አነሱበት። እኒህ ሰው በ1953 የመሬት መንቀጥቀጡ ማጀቴን አፍርሶ የእኛንም ከተማ ቤቶች ሲያፈራርስ በሬ ጠብቀው የሚያድሩ ልጅ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት ከዚያ ወዲህ ነው። «እስቲ የዚያን አገር ከንቲባ እንዴት ነው የምትሾሙት?» አሉት።

እሱም የራሱን ታሪክ ነገረን። የዋሽንግተን ታክሲ እስከ 2000 ድረስ ቆጣሪ አልነበረውም። ከተማዋ በዞን ተከፋፍላ፣ ተሳፋሪው የሚከፍለው ባቋረጠው ዞን ልክ ነበር። ከንቲባው አድሪያን ፌንቲ ዞኑን ሽረው ቆጣሪ ይግባ አሉ። ከሹፌሮቹ ብዙው የእኛ ሰው ነው፤ ገቢያችን ይወርዳል ብለው ጥቅምት ላይ ሥራ አቆሙ፣ ለመኑ፣ ተከራከሩ። ቆጣሪው ገባ። «ያኔ በጣም ከፍቶኝ ነበር» አለ። «የሚሰማን ሰው አጣን ብዬ ነው እንጂ ስለ ሳንቲሙ ብቻ አልነበረም።»

ፌንቲ በ1999 መጀመሪያ ለፓርቲያቸው እጩነት ሲወዳደሩ በከተማዋ ባሉ ምርጫ ጣቢያዎች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ያሸነፉ ሰው ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 4 ቀን 2003፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ የከተማዋ ምክር ቤት ሰብሳቢ የነበሩት ቪንሰንት ግሬይ ገጠሟቸው። ሁለቱም ዴሞክራቶች ናቸው። የአክስቴ ልጅ ዜግነት ካገኘ በኋላ በፓርቲው መዝገብ ስሙን ያስመዘገበው ለዚህች ቀን ብሎ ነበር፤ ያልተመዘገበ ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ምርጫ፣ በእጩ መለያው፣ ድምፅ አይሰጥምና። ከተማው ውስጥ ከተመዘገበው መራጭ አራት ሦስት እጁ ዴሞክራት ስለሆነ፣ በዚህ መለያ ያሸነፈ ከንቲባ ሆነ ማለት ነው። ጥቅምት ላይ የሚመጣው ዋናው ምርጫ ማኅተም መምታት ያህል ነው።

ሽማግሌው አቋረጡት። «ቆይ እስቲ ልጄ። ሁለቱም ያንድ ፓርቲ ሰዎች አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው አባባ።»

«ታዲያ ማን አፋለማቸው?»

«እኛ።»

ሽማግሌው ዝም ብለው እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱት።

እቤቱ ውስጥ የነበረውንም አልደበቀንም። እሱ ለግሬይ፣ ባለቤቱ ለፌንቲ ሆኑ። ፌንቲ የከተማዋን ትምህርት ቤቶች በከንቲባው ሥር አድርገው ሚሼል ሪ የተባለች ኃላፊ ሾመው ነበር፤ ብዙ መምህር ተባረረ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ብዙ ሕንፃም ታደሰ። ባለቤቱ የልጃቸው ክፍል ጣራ ማፍሰሱን እንዳቆመ ታያለች፤ እሱ ቆጣሪውን ያያል። ጠዋት አብረው ሄደው፣ ጎን ለጎን ቆመው፣ የተለያየ ስም ላይ ምልክት አድርገው፣ አብረው ተመለሱ። ግሬይ ከመቶ 54 ያህሉን አግኝተው አሸነፉ። ጥቁሮች የሚበዙባቸው ሰፈሮች ወደ ግሬይ፣ ነጮች የሚበዙባቸው ወደ ፌንቲ አጋድለው ነበር፤ ከተማዋ በሁለት ተከፍላ አደረች። ሹፌሮቹ ግን ያን ሌሊት አየር ማረፊያው የታክሲ ተራ ላይ መኪና እያጠፉ ተቃቀፉ። «የቆጣሪው ነገር እንደማይመለስ እናውቅ ነበር» አለን። «ሰውዬው ግን እኛን ሳይሰማ እንዳይቀር ሆነ።»

እንከኑንም ነገረን። በዚያው ዘመቻ ከመዝገብ ውጭ የገባ ገንዘብ ተገኝቶ የግሬይ ረዳቶች ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አመኑ፤ ግሬይ ራሳቸው አልተከሰሱም። መጋቢት 2006 ላይ ግሬይ በዚያው የእጩ መለያ በሙሪየል ባውዘር ተሸነፉ። የጠሯቸው ሰዎች ስሙን መልሰው አነሱት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በእኛ አገር ሕግ የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ተጽፎለታል። አሠራሩን የከተማዋ ቻርተር ይዘረዝረዋል፤ ነዋሪው 138 የምክር ቤት አባላት ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ከንቲባውን ይመርጣል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ከከንቲባ ስም አጠገብ ምልክት አድርጎ አያውቅም። ይህ ብቻውን አያስቀይመኝም፤ ምክር ቤት መሪውን የሚመርጥበት አገር ብዙ ነው። ዋሽንግተንም ብትሆን እንደ አዲስ አበባ የመንግሥት መቀመጫ በመሆኗ እስከ 1967 ድረስ መሪዋን የሚሾምላት ፕሬዚዳንቱ ነበር፤ ዛሬም ኮንግረሱ የከተማዋን ሕግ መሻር ይችላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያለው ነገር ነው። የምክር ቤቱ እጩ ስም ወረቀቱ ላይ ሲደርስ፣ ስሙን የጠራው ማን ነው? ከተጠራስ በኋላ ያቺ ዝምታ ለማን ተሰጠች?

ስለ 1997ቱ ምርጫ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ካራቆሬ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወሬ ወደኛ የሚመጣው በአውቶቡስ ነው። ያን ዓመት ጸደይና በልግ ሹፌሮች ከአዲስ አበባ ጋዜጣ ይዘው ይወርዱ ነበር። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ አንዱ ያነባል፣ ሃያው ያዳምጣል። ተፎካካሪዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ያይ ነበር። ማንም ማንንም ሳያቋርጥ ሲያዳምጥ ሳይ፣ ይቺ የቅሬዋ ዝምታ ወደ አገር ደርሳ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ግንቦት 7 ሌሊት ተነስተን ተሰለፍን። እናቴ ምርኩዟን ይዛ እፊቴ ቆማ ነበር። አውራ ጣቷ ላይ ቀለም ሲነካት እጇን እስከ ማታ አልታጠበችም፤ እንጀራውን በሌላኛው እጅ እየቆረሰች በላች።

እኛ ለራሳችን እንደራሴ ብንመርጥም ጆሯችን አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ መርካቶ ልጅ የሌለው፣ ኮልፌ ወንድም የሌለው የእኛ የይፋት ሰው ጥቂት ነው። ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት ወንበር 137ቱን ወሰደ። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ለከንቲባነት ተመረጡ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ውዝግቡ መጣ፣ ሰኔና ጥቅምት ደም ፈሰሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠረው ሟች ከነፖሊሶቹ 199 ነው። መሪዎቹ ታሰሩ። በግንቦት 1998 ከተማዋ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። በሚያዝያ 2000 እንደገና ምርጫ ሆነ፤ ገዥው ኢሕአዴግ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። ያው ቁጥር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ተገልብጦ። አንድ የደሴ አውቶቡስ ሹፌር ያን ሰሞን በረንዳው ላይ ተቀምጦ «እኔ የጠራሁትን ሰው ቤት ሳይገባ መለሱብኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ብዙ ዓመት አለፈው፤ ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይሁን እንጂ በሐቅ ከተናገርኩ፣ በዚያ ታላቅ ቀን እንኳ ስሙን የጠራነው እኛ አልነበርንም። ቅንጅት የአራት ድርጅቶች ኅብረት ነበር፤ ማን የት ይወዳደር የሚለውን እነሱ ተደራድረው ጨረሱት። ኢሕአዴግም የራሱን ሰው በራሱ ቤት መርጦ አመጣ። እኛ የደረሰን ምልክት ነው፤ የኢሕአዴግን ንብ ወይም ሌላውን። የፓርቲው ሰው ማን እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ስንት «ድንኳኑ የደረሰልኝ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር» የምትል እናት ትገኝ ነበር!

ከዚያ ወዲህም አንድ ስብሰባ አይረሳኝም። የቀበሌውንም የድርጅቱንም ስም አላነሳም። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሰብሳቢው ስምንት ስም ከወረቀት አነበበና «አስተያየት ካለ» አለ። የ«ካለ»ዋ ድምፅ ሳይበርድ ራሱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ፊት የተቀመጡት ተከተሉት፤ እኛም ተከተልን። እኔም አጨበጨብኩ። ከስምንቱ አንዱን አውቀው ነበር፣ የምለውም ነበረኝ፤ እጄ ግን ከአፌ ቀደመ። እስከ ዛሬ ያ ጭብጨባ ያቃጥለኛል።

ይህን ስጽፍ የሚታየኝ ቀላል ነገር ነው። ፓርቲ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት እጩ ከማቅረቡ በፊት ስሙን ይዞ ወደ ወረዳው ዕድሮች ይሂድ፤ የፓርቲው አባላት ደግሞ ከሁለት ሰው አንዱን በምስጢር ድምፅ ይለዩ። ሕጉ ይህን አይከለክልም። አዳነች አቤቤ መስከረም 18 ቀን 2014 በምክር ቤቱ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሲሆኑ ነዋሪው የሰማው በቴሌቪዥን ነው። ከዚያ በፊት በየመንደሩ ስማቸውም የተፎካካሪያቸውም ስም ተጠርቶ፣ ዝም ተብሎ፣ ተገላብጦ ቢሆን ኖሮ የሚደግፋቸውም የሚቃወማቸውም ሰው ዛሬ የሚናገረው ሌላ በሆነ ነበር።

ሁሉ ነገር በምርጫ ይሁን አልልም። በእኛ በይፋት አበጋር አለ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ደም ሲቃቡ የሚያስታርቅ ነው፤ የሚመጣውም በዘር ነው፣ ማንም እጅ አያወጣለትም። በ2013 አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ እንዲህ ያለ ሰው ስንት ይፈለግ እንደነበር እኛ እናውቀዋለን። አበጋሩን ግን አባቱንም አያቱንም እናውቃለን፤ የሚያድርበትን ቤት እናውቃለን፤ ሲያጠፋ ደጁ ሄደን እንናገረዋለን።

የአክስቴ ልጅ ከመሄዱ በፊት የቅሬው ምርጫ ደረሰ። እሱም መጣ፤ ጎልማሶቹ መሐል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሒሳብ ተነበበ። ሁለት ድንኳን፣ አንዱ ጫፉ የተቃጠለ። «ስም ጥሩ» ተባለ። አንድ ጎልማሳ ተነሳና የአክስቴን ልጅ ታላቅ ወንድም ጠራ። ወንድሙ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ማንም አልተናገረም። አንድ የጭነት መኪና አስፋልቱን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ አለፈ፣ ድምፁ ራቀ፣ አሁንም ማንም አልተናገረም። የአክስቴ ልጅ አጎንብሶ መሬቱን ያያል። ከአጥሩ ጥግ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካከሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሰዉ ሁሉ ወደሳቸው ዞረ።