ከታገለች ትጥላለች

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ስትራግል በአማርኛ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «መታገል» ብዬ ልገላገል አልኩና አንድ አባት ትዝ አሉኝ።

የዘጠነኛ ክፍል ስም ጠሪ ሳለሁ ነው። በአንዲት ልጅ ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ አስተያየት ጻፍኩ። አባቷ ካርድ ሊወስዱ መጥተው «መምህር፣ ምንድን ነው የሚለው?» አሉኝ። እኔም ቃሉን በቁሙ «ለማንበብ እየታገለች ነው ይላል» አልኳቸው። ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ከታገለችማ ትጥላለቻ!»

አፌ ተያዘ። እኔ የጻፍኩት እኮ ማንበብ አቅቷታል ለማለት ነው። ስትራግልን የሚወስነው ከኋላው የሚከተለው ቃል ነው። «ፎር» ከተከተለው ለነጻነት፣ ለመብት መታገል ይሆናል፤ ክብር አለው። «አጌንስት» ከተከተለው የሚታገሉት ነገር በስሙ ይጠራል። «ቱ ሪድ» ሲከተለው ግን ማንበብ ዳገት ሆኖበታል ማለት ነው። ብቻውን «ሺ ኢዝ ስትራግሊንግ» ከተባለ ደግሞ፣ በተለይ በአስተማሪ አፍ፣ «ደከም ያለች ናት» የሚለውን በጨዋ አነጋገር መናገር ነው።

የኛ መታገል ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል። ታገለ ሲባል «ከማን ጋር?» ይመጣል። ጣይም ወዳቂም አለው። ሰውየው ደስ ያላቸው ለዚህ ነው።

ያ «ከማን ጋር?» እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ደብተሯን ተቀብዬ አየሁት። በየመስመሩ መሃል በእርሳስ የአማርኛ ትርጉም ተጽፏል። እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ተምራ የመጣች ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ስትገባ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በአንዴ እንግሊዝኛ ሆነባት። ክፍል ውስጥ ደግሞ ያልገባትን አትጠይቅም። ለምን? በኔ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ 1 ብር ይቀጣል የሚል ሕግ ነበረኛ!

ለካ ልጅቷን ከሚታገሏት አንዱ እኔው ራሴ ነበርኩ።

ቅጣቱን አነሳሁ። ተአምር አልተፈጠረም፤ ግን እጇን ማውጣት ጀመረች። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቆይቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ዓመቱን አለፈች፣ ለጥቂት።

ስለዚህ ለጠየቅከኝ ልጅ፦ «ፎር» እና «አጌንስት» ካለው ታገለ በል። «ቱ» ካለው ግን ከበደው፣ ተቸገረ፣ አልሆን አለው ብትል ይሻላል። አስተማሪ የሆናችሁ ደግሞ ያቺን ግስ ካርድ ላይ ስትጽፉ፣ ከምን ጋር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። ካላወቃችሁት መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት።

ያኔ 1 ብር የከፈላችሁኝ ልጆች፣ ይቅርታ። ብሩ የለም፤ ቡናው ግን በኔ ነው።