ማን መረጣቸው?

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቤተ ሰቤ ዘንድ ነበርሁ። እናቴ ቡና ትቆላለች፤ እኔ ቴሌቪዥን እመለከታለሁ። በዚያ ቀን ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ተሰብስበው፣ በወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ እግር አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴን ርእሰ ብሔር አድርገው መረጡ። እናቴም ከብረት ምጣዱ ቀና ሳትል፣

«ማን መረጣቸው?» አለችኝ።

«ምክር ቤቱ።»

«ምክር ቤቱንስ?»

«እናንተ ናችኋ! ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተሰልፈሽ ድምፅ የሰጠሽው ለማን ነበር?»

«እሱንስ መርጫለሁ፤ ስለ እኚህ ሰው ግን የጠየቀኝ የለም» ብላ ቡናዋን ማማሰል ቀጠለች። እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ባዩ የምመልሰው አጣሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ትምህርት ሲጀመር ከቤተ መጻሕፍት የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አውጥቼ አንቀጽ 70ን አነበብሁ። ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዕጩው የሚመረጠው ይኸው ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፉት ነው። የተመረጠው የምክር ቤት አባል ከሆነ ወንበሩን ይለቃል። የሥራው ዘመን ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይም አይመረጥም። የተወካዮች ምክር ቤት ዘመን ግን አምስት ዓመት ስለሆነ፣ መራጮቹ ተለውጠው እርሱ ሊቆይ ይችላል።

ይህ ለምን ተደረገ ብለን ብንጠይቅ መልስ አለው። ርእሰ ብሔሩ ሀገር አያስተዳድርም፤ ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ርእሰ ብሔሩ የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል፤ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል፤ የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፤ ይቅርታ ያደርጋል። የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። እንዲህ ያለው ሰው ሀገር ለሀገር ዞሮ በሕዝብ ድምፅ ቢመረጥ፣ «እኔንም ሕዝብ መርጦኛል» ብሎ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ይገዳደር ነበር። ስለዚህ በእንደራሴዎች በኩል መመረጡ ስሕተት አይደለም ብዬ አመንሁ፤ ለእናቴም ይህንኑ ልነግራት ተዘጋጀሁ።

ይሁን እንጂ አንድ የራሴ ነገር ትዝ ብሎኝ አፈርሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ የእኛም የተማሪዎች ኅብረት ሊቀ መንበር የሚመረጠው እንዲሁ በየክፍሉ ተወካዮች አይደለምን? አምና የክፍላችን ተወካይ እኔ ነበርሁ። ከዕጩዎቹ አንዱ አብሮኝ የሚያድር ልጅ ነበር፤ በዋዜማው ሻይ ጋብዞኛል። በማግስቱ ከክፍል ጓደኞቼ አንዱን እንኳ ሳልጠይቅ ለእርሱ ድምፄን ሰጠሁ። ስመለስ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ፣ «ለማን ሰጠህልን?» አለችኝ። እኔም «ድምፅ ምስጢር ነው» ብዬ አለፍሁ።

«ሰጠህ» ሳትል «ሰጠህልን» ማለቷ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያ ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ አደራ ነበር። ምስጢሩም የሚገባው ለክፍሌ ልጆች እንጂ፣ እነርሱን ወክዬ ለሄድሁት ለእኔ አልነበረም።

እንግዲህ የእናቴ ቅሬታ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ድምፅ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መዋሉ አይደለም ክፋቱ፤ የተቀበለው ሰው ተመልሶ «እንዲህ አደረግሁት፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ሳይል ሲቀር ነው። ሕገ መንግሥቱ ሁለት ሦስተኛውን ድምፅ ይቆጥራል፤ የእንደራሴውን መመለስ ግን የሚቆጥር እኛው ነን።

ለገና ቤት ስሄድ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኋት፤ የሻዩን ነገር ጭምር። ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንግዲያ ያ የመረጥሁት ሰውዬ አንተ ነህ በለኛ» አለችኝ።

ዘንድሮ የክፍሌ ልጆች በእኔ ፋንታ ያችን የኋላ ወንበር ልጅ ወከሉ፤ ደግ አደረጉ። ወደ ስብሰባው ከመግባቷ በፊት «እናንተስ ማንን ትላላችሁ?» ብላ ወረቀት አዞረች። እኔም ከፊርማዬ ጋር ሐሳቤን ጻፍሁ።