ነጃሺ ደጅ ላይ እናቴን ያረምኩበት ቀን



ወደ አገር ቤት ትኬት ቆርጠሽ ከሆነ፣ ወይም «ዘንድሮ እናቴን የት ልውሰዳት?» እያልሽ ከሆነ ይህን የምጽፈው ላንቺ ነው። ስለ ውቅሮና ስለ ነጃሺ ልነግርሽ ነው። የራሴንም ጥፋት እነግርሻለሁ፤ እሱን ከደበቅኩሽ የጉዞውን ትልቁን ነገር ደበቅኩሽ ማለት ነው።

ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ነበር። እኔ ከቶሮንቶ፣ እማየ ከደሴ፣ አዲስ አበባ ላይ ተገናኘን። ከአሥር ዓመት በላይ ተለያይተን «ምን ላድርግልሽ?» ስላት ወርቅም ልብስም አልጠየቀችኝም። «ነጃሺ ውሰጂኝ» አለች። በቃ። ስኳርና የጉልበት ሕመም አለባት፣ እኔ ደግሞ ነርስ ነኝና መጀመሪያ ያሰብኩት መድኃኒቷንና ጫማዋን ነበር። በአውሮፕላን መቀሌ ገባን፤ ከዚያ ወደ 45 ኪሎ ሜትር በመኪና ሄደን ውቅሮ አደርን።

ውቅሮ በአዲግራት መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ፈረንጆቹ የሚያድሩባት የገረዓልታን ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ነው፤ ከተማው ውስጥም ውቅሮ ጨርቆስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ለኛ ደግሞ የነጃሺ በር ናት፤ መስጂዱ ያለው ከውቅሮ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን፣ ነጋሽ የምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። ባረፍንበት ቤት ቁርስ ላይ ግማሹ እንግዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ግማሹ ወደ መስጂዱ ለመሄድ መኪና ይጠብቅ ነበር። የምግብ ነገር ካሳሰበሽ የሙስሊም ምግብ ቤት የቱ እንደሆነ ጠይቂ፤ ሰው ራሱ ይዞሽ ይሄዳል።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ግን እዚያ ቆመሽ ስታስቢው ሌላ ነው። የመካ ቁረይሾች ሙስሊሞቹን ባሰቃዩአቸው ጊዜ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ615 ገደማ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ ብለው ወደ ሐበሻ ላኳቸው። ከመጀመሪያዎቹ ተሰዳጆች መካከል የራሳቸው ልጅ ሩቀያ ከባሏ ከዑስማን ጋር ነበረች። በኋላ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና ሚስቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ መጡ። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው «መልሱልን» ሲሉ ጀዕፈር ከሱረቱ መርየም ቀራ፤ ንጉሡም አልቅሶ ስጦታውን መለሰ፣ እንግዶቹን አስቀረ። የአካባቢው ሰው ከአባት እናቱ እንደተቀበለው የነጃሺና የአሥራ አምስት ሶሃቦች መቃብር እዚያው ነጋሽ ነው። መስጂዱ ያኔ በቱርክ መንግሥት ድጋፍ ታድሶ አምሮበት ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

መቃብሩ ያለበት ቤት በር ላይ ስንደርስ እማየ ጫማዋን አወለቀች፣ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እንባዋ ይወርዳል። እኔ ያደግኩት በወሎ ዱዓና መንዙማ ቢሆንም ቶሮንቶ ከገባሁ ወዲህ በየሳምንቱ ሐለቃ እቀመጣለሁ፣ ዐቂዳ ተምሬያለሁ። ደነገጥኩ። ዘያሪ ሴቶች በዙሪያችን ቆመው ድምፄን ከፍ አድርጌ «እማየ፣ ተይ! ይሄ ሽርክ ነው፤ ሙት አይለመንም!» አልኳት።

እጇን እንደተቆጣ ልጅ ከበሩ ላይ አወረደች። ምንም አልመለሰችም። ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀችና ወደ መኪናው ሄደች። መስጂዱ ውስጥ እንኳ አልገባችም።

ማታ ውቅሮ፣ ስኳሯን ለክቼ እግሯ ላይ ቁስል እንዳይኖር ስመለከት «ልጄ፣ ምን ስል እንደነበር ጠየቅሽኝ?» አለች። አልጠየቅኳትም። እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ የሄድሽ ለት ሌሊት አልተኛሁም። ጌታዬ፣ ለነዚያ ለነቢያችን ልጆች በሰው አገር ነጃሺን ሰጠሃቸው። ለኔም ልጅ በሰው አገር ሰው ስጣት። ከጠበቅክልኝ ነጃሺ ድረስ ሄጄ፣ መስጂዱ ውስጥ ሁለት ረከዓ ሰግጄ አመሰግንሃለሁ፤ ብዬው ነበር። ዛሬ እሱን ነበር የማወራው። ለነጃሺም አላህ ይዘንለት አልኩ። ሌላ ምን አልኩ?»

እህቴ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እማየ ሰው ስጣት ብላ ስትለምን፣ ለካ አላህ ሰጥቶኝ ኖሯል። ቶሮንቶ ሥራ በጀመርኩበት ክረምት፣ ዋርዱ ላይ ከኔ በቀር ሂጃብ የለበሰች አልነበረችም። የት እንደምሰግድ ጠፍቶኝ ደረጃ ሥር ስሰግድ አንዲት በዕድሜ የገፋች ክርስቲያን ፊሊፒናዊት ነርስ አየችኝ። በማግስቱ የዕቃ ክፍሉን ጥግ አጽድታ «እዚህ ጸልዪ፣ ሕመምተኞችሽን እኔ አያለሁ» አለችኝ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አላሰለቸኋትም። ለዓመታት «ደግ ሰው ናት» እል ነበር እንጂ የእናቴ ዱዓ ናት ብዬ አስቤ አላውቅም።

የአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ታሪክም ትዝ አለኝ። በሰባተኛው ሂጅራ ከሐበሻ ወደ መዲና ስትመለስ ዑመር (ረ.ዐ.) በሂጅራ ቀደምናችሁ፣ ለረሱል ከናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን አላት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከረሱል ጋር ሆናችሁ የተራበው ሲበላ ያላወቀው ሲማር፣ እኛ በሩቅ የባዕድ አገር እየፈራን ነበርን ብላ መለሰችለት፤ ሄዳም ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነገረች። እሳቸውም ለዑመር አንድ ሂጅራ፣ ለናንተ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አላችሁ አሏት። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። እኛ ስደተኞች ይህን ሐዲስ ስንወደው ራሳችንን በአስማእ ቦታ አድርገን ነው። እኔ ግን ያን ቀን «ቀደምኩሽ» ባይዋ ነበርኩ። ጥቂት ዓመት ሐለቃ ተቀምጬ፣ ሃምሳ ዓመት ሌሊት ተነስታ የሰገደችን ሴት የቀደምኳት መስሎኝ ነበር።

ሑክሙ አልተለወጠም እህቴ፤ የሚለመነው አላህ ብቻ ነው፣ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። ያጠፋሁት ሳልጠይቅ መፍረዴ ነው፤ በዚያ ላይ በሰው ፊት። በሥራዬ ሕመምተኛን ሳልጠይቅና ሳልመረምር አንድ ክኒን አልሰጥም። ለእናቴ ይህን ያህል እንኳ አላደረግኩላትም።

የመልስ በረራችን በማግስቱ ከሰዓት ነበር። ፈጅር ሰግደን እግሯን ሳምኩና ዐፉ በይኝ አልኳት። «ዐፉ ብያለሁ፤ ወስደሽ አሰግጂኝ» አለች። መኪና ተከራይተን ወደ ነጋሽ ተመለስን። ጉልበቷ ስለማይታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት ረከዓዋን ሰገደች። እኔም ከጎኗ ሰገድኩ።

በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ያ መስጂድ ተመታ፤ ሚናራውና ጉልላቱ ተጎዱ። እማየ ከደሴ ደውላ ስታለቅስ ቆየችና «አልሃምዱሊላህ፣ ሰግጄበታለሁ» አለች። ባለፈው ዓመት ወደ አኺራ ሄደች፤ አላህ ይዘንላት፣ ቀብሯን የጀነት ጨፌ ያድርግላት። ለቀብሯ አልደረስኩም። ያን ጠዋት ወደ ነጋሽ ባልመለሳት ኖሮ ዛሬ በምን እጽናና እንደነበር አላውቅም።

እንግዲህ ከሄድሽ፣ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው አጣሪ። አንድ ቀን ብቻ አትያዢ፣ ውቅሮ ሁለት ሌሊት እደሪ፤ አዛውንት ይደክማሉ፣ ሰውም ይሳሳታል። ለእናትሽ ካልሲና ተጣጣፊ ወንበር ያዢላት፤ ስኳር ካለባት በባዶ እግሯ ድንጋይ ላይ አታስሂጃት። ለመንደሩ ሰው ሰደቃ ያዢ። እናትሽ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ካየሽ ደግሞ መጀመሪያ «እማ፣ ምን እያልሽ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት።

አሁን እዚህ ዋርዳችን ላይ አዲስ የመጡ ልጆች አሉ፤ ከሶሪያ፣ ከሱዳን፣ ከኛም አገር። የዕቃ ክፍሉን ጥግ የማጸዳው እኔ ነኝ። የማን እናት ሌሊት ተነስታ ሰው ስጣት እንዳለች አላውቅምና።

ለእናቴ ዱዓ አድርጊልኝ እህቴ። ወሰላሙ ዐለይኩም።