የካሜራ ብሌን በታመመ ጊዜ

የዐይን ብሌን በፀሐይ ይጠባል፤ በጨለማ ይሰፋል። የካሜራም ሌንስ እንዲሁ ነው፤ በውስጡ የተደራረቡ ስስ ክንፎች፣ ባለሙያዎች አፐርቸር የሚሉትን የብርሃን ቀዳዳ ያሰፉታል፤ ያጠቡታልም። መጠኑ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8 እየተባለ ይቈጠራል፤ ቍጥሩ አንድ ደረጃ ከፍ ባለ ጊዜ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ያንሳል።

በቀድሞ ካሜራዎች ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሱ ቀለበትና ዘንግ ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. ካኖን ባወጣው ኢኦኤስ በሚባለው አሠራር ግን በሌንሱ ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ታንቀሳቅሳቸዋለች፤ ትእዛዙም ከካሜራው የሚያልፍላት በጥቃቅን የብረት ነጥቦች ነው። ስለዚህ ብልሽት በመጣ ጊዜ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቃል ሕመሙ መኖሩን እንጂ ሥሩ የት እንደ ሆነ አይናገርም።

በመንዝ ደጋ በዘመሮ ከተማ በአንድ ካሜራና በአንድ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚተዳደር ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ። በጥር ወር ለሠርግ ቀብድ ተቀብሎ ሳለ፣ በዋዜማው ካሜራውና ሌንሱ እንዳልተግባቡ የሚናገር ቃል ታየው። አንዱ ወዳጁ ተበድረህ ሌላ ሌንስ ግዛ አለው፤ ሁለተኛው ካሜራው አርጅቷልና ሽጠው አለው። እርሱ ግን ነገሩን በየተራ መመርመር ጀመረ።

በመጀመሪያ ካሜራውን አጥፍቶ ባትሪውን አወጣ፤ ሌንሱንም ፈታ። ከብርድ ሊጠብቀው በባና ይጠቀልለው ነበርና፣ የበግ ጠጕር ብናኝ በነጥቦቹ ላይ አገኘ፤ በንጹሕና በደረቅ ጨርቅ ጠረገው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ሌንስ ያልበዋልና እስኪደርቅ ጠበቀ። ቃሉ ግን አልጠፋም።

ሁለተኛም የባልንጀራውን ሌንስ ተውሶ ገጠመ፤ ያለ ችግር ሠራ። ካሜራው ጤነኛ መሆኑን ዐወቀ። ባልንጀራውም በማግሥቱ ሌላ ሠርግ ነበረበትና ሌንሱን መለሰለት።

ሦስተኛም በራሱ ሌንስ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው አስፍቶ በ1.8 አነሣ፤ ምስሉ ያለ እንከን ወጣ። ወደ 8 ባጠበበው ጊዜ ያ ቃል ተመለሰ። በ1.8 ክንፎቹ መንቀሳቀስ አያሻቸውም፤ እንግዲህ ሕመሙ በክንፎቹ፣ በሞተሯ ወይም ትእዛዝ በሚያደርሰው ስስ ጥብጣብ ነው። ይህም የጠጋኝ እጅ የሚሻ ነው።

ሠርግ ግን ጠጋኝን አይጠብቅም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በ1.8 አነሣ። ይህ ቀዳዳ ከ8 ይልቅ 20 ጊዜ ያህል ብርሃን ያስገባልና፣ 1/200 ሰከንድ በሚበቃበት ሥፍራ 1/4000 አደረገው። ቀዳዳው በሰፋ ጊዜ ከፊት ወይም ከኋላ የቆመ ሰው ስለሚደበዝዝ፣ ዘመዱን ሁሉ በአንድ መስመር አቆመ።

የሙሽራው አባት «ምነው እንደ አጥር ገተርኸን?» አሉት።

«አባቴ፣ የሌንሴ ዐይን ታሟል፤ ወደ ኋላ የቆመ ሰው ይጠፋብኛል» ብሎ እውነቱን ነገራቸው።

«እንግዲያስ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቆም» አሉና ከዳር የሸሹትን አሮጊት እኅታቸውን በእጃቸው ስበው ከጎናቸው አቆሙ።

ከሠርጉ በኋላ ሌንሱን ወደ አዲስ አበባ ለጠጋኝ ሲልክ «ተበላሽቷል» ብሎ ብቻ አልላከውም። «ነጥቦቹ ተጠርገዋል፤ ካሜራው በሌላ ሌንስ ይሠራል፤ ይህ በ1.8 ያነሣል፣ ከዚያ ሲጠብ ይቆማል» የሚል ወረቀት አስሮ ላከው እንጂ።