እንግሊዝኛ ፍለጋ

«እንግሊዝኛ ለመማር የት አገር ልሂድ?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት በየቤቱ አይጠፋም። መልሱም እንደ መካሪው ነው፤ አንዱ ለንደን ይላል፣ አንዱ ዋሽንግተን፣ ወሬ የደረሰው ደግሞ ማልታን ይጠራል።

የእህቴ ልጅ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ መጣች። አባቷ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ አንዴ ከወጣ የሚተካ አይደለምና ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም።

እሷ የመረጠችው ዋሽንግተንን ነው፤ አክስቷ እዚያ አለች። ዘመድ ያለበት አገር ለጉርሻም ለማደሪያም ይበጃል። ለምላስ መበጀቱን ግን እጠራጠራለሁ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ እንጀራ የሚገዛው በአማርኛ ነው፤ ጸጉር የሚሠራው በአማርኛ ነው። የከተማዋ አስተዳደር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሕግ መሠረት አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው ያስተናግዳል። ለነዋሪው ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ፍለጋ ባሕር ለተሻገረ ግን ከቤት እንዳልወጡ ያህል ነው።

እንግሊዝስ? ቋንቋ ብቻ ለሚማር ከ6 እስከ 11 ወር የሚሰጠው ቪዛ ሥራ አያሠራም፤ ወጪው ሁሉ በአባት ጫንቃ ላይ ነው። ማልታ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝኛን ከማልትኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ አድርጋለች፤ ሰዉ እርስ በርሱ የሚጫወተው ግን በማልትኛ ነው። ከሞያሌ ማዶ ያለችው ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥቷ እንግሊዝኛንና ስዋሂሊን አጣምራለች፤ ክፍሉ በእንግሊዝኛ፣ ገበያው በስዋሂሊ።

ለመሆኑ የጎደለን ምንድን ነው? የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲም ይህንኑ ደንግጓል። ሰዋስዉን ለዓመታት አጥንተናል። አፋችንን የያዘው ፍርሃት ነው። አንድ ግስ ቢሳሳት የሚስቅ ጓደኛ፣ «እንግሊዙ መጣ» የሚል ጎረቤት አለ። ባዕድ አገር የሚረዳን የሚያውቀን ሰው በሌለበት እንደ ልባችን እንድንሳሳት ስለሚፈቅድ ይመስለኛል። አክስት ቤት ይህ አይገኝም።

ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ጋሼ፣ ሲያመኝስ በየትኛው ቋንቋ ላቃስት?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ብቸኝነት የያዘው ሰው አዲስ ቋንቋ ቀርቶ የራሱንም መናገር ያስጠላዋል። ስለዚህ ምክሬን አለዘብኩት፦ አሜሪካም ብትሄጂ፣ ማደሪያሽ ከማያውቁሽ ተማሪዎች ጋር ይሁን፤ እሑድ እሑድ አክስትሽ ጋ ሂጂ፣ ቡና ጠጪ፣ በአማርኛ አልቅሺ፣ ሰኞ ጠዋት ተመለሺ።