መያዝም መልቀቅም

የካያክ ሽርጥ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው፣ ውሃ ወደ ጀልባው እንዳይገባ አጥብቆ መያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ጀልባው የተገለበጠ ጊዜ በአንድ ስበት ተላቅቆ ቀዛፊውን መልቀቅ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚሠራ ሽርጥ ልክ ነው አይባልም። ይህን ያስተማሩኝ የእናቴ አንድ ጥያቄና አንድ ጠባብ ጥቁር ሽርጥ ናቸው።

ካያክ አይታችሁ ለማታውቁ ላስረዳ። ካያክ ረጅምና ቀጭን፣ ከላይ የተሸፈነ ጀልባ ነው። መሐሉ ላይ ሰው የሚገባበት ሞላላ አፍ አለው። ቀዛፊው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። የአፉን ዙሪያ ወደ ውጭ የተቀለበሰ ከንፈር ይከብበዋል። በእንግሊዝኛ ስፕሬይ ስከርት የሚባለውን፣ እኛ በቡድናችን ሽርጥ የምንለውን ልብስ ቀዛፊው እንደ ጉርድ ቀሚስ ወገቡ ላይ ያጠልቅና የታችኛውን ላስቲክ ጠርዝ ከከንፈሩ ሥር ያስገባል። ያን ጊዜ ማዕበል በላዩ ቢያልፍ እንኳ ውስጡ ብዙም አይርስም።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ታንኳ ላይ ሰው ይቀመጥበታል እንጂ ውስጡ አይገባም። ውሃ በደንገሉ መካከል ይገባል፣ ይወጣል፤ ማንም አይደነግጥም፤ የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነውና። ሲርስና ሲከብድ ወደ ዳር ይወጣና ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ካያክ ግን የሚንሳፈፈው በሆዱ በያዘው አየር ነው። አየሩ ቦታውን ለውሃ ከለቀቀ ጀልባው ይከብዳል፣ ይዋልላል፣ አልታዘዝም ይላል። ሽርጥ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ነገሩ የመጣው ከአርክቲክ ሕዝቦች ነው። የግሪንላንድ የኢኑይት አዳኞች ካያካቸውን በገዛ ሰውነታቸው ልክ ይሠሩ ነበር። ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ የተሰፋ፣ ቆብና እጅጌ ያለው ቱይሊክ የሚባል ልብስም ነበራቸው። ልብሱ ፊታቸው ዙሪያና እጃቸው አንጓ ላይ ይጠብቃል፤ የታችኛው ጠርዙ በካያኩ አፍ ዙሪያ ይታሰራል። ልብሱም ጀልባውም ለአንድ ሰው የተለኩ ነበሩ። ዛሬ እኛ ጀልባውን ከአንድ ቦታ፣ ሽርጡን ከሌላ ቦታ እናመጣለን፤ ሁለቱን ማገጣጠም የእኛ ሥራ ሆኗል።

አሁን የምኖረው ሲያትል አካባቢ፣ ፑጀት ሳውንድ በሚባለው ወደ የብስ ዘልቆ በገባ የባሕር ክንድ ዳር ነው። ውሃው ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ ነው፤ በአብዛኛው ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በካናዳ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ቅዝቃዜ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ያጠኑት ጎርደን ጊስብሬክት ነገሩን በሦስት ቁጥሮች ያስተምራሉ፦ 1፣ 10፣ 1። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግሩ ሳይደነዝዝ ራሱን ለመርዳት 10 ደቂቃ ያህል፣ ራሱን ከመሳቱ በፊት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው። ቅዝቃዜው መጀመሪያ የሚያደርገው ሳይፈልጉ አየር ማስሳብ ነው። ጭንቅላታችሁ ከውሃ በታች ሆኖ ከጀልባ ጋር ተያይዛችሁ ከሆነ ግን ያቺ 1 ደቂቃ እንኳ ሙሉ አትሆንላችሁም።

ባለፈው ዓመት የሠፈራችን ወጣቶች ስድስት ሆነን የካያክ ሥልጠና ጀመርን። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ናቸው። አንድ ቅዳሜ በአቅራቢያችን ወዳለች ደሴት ለመቅዘፍ ተቀጣጠርን። ሳምንቱ ሲጀምር የደረሰኝን ሽርጥ ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ አነሣችው፣ ዘረጋችው፣ ላስቲኩን ሳብ ሳብ አደረገችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከጀልባው ጋር የሚያያዘኝ ልብስ ነው፣ እማዬ።»

«አንቺን ከጀልባው ጋር?»

«ውሃ እንዳይገባ ነው።»

ዝም አለች። አያቴ ጣና ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን የሐይቁን ነፋስ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እርሷ የምታስባቸው ሰዎች አሏት።

«ቢገለበጥስ፣ በምን ትወጫለሽ?»

ከፊት የተሰፋውን ቀይ የመጎተቻ ቀለበት አሳየኋት። «ይሄን ስስበው ይላቀቃል።»

«ስበሽ አይተሽዋል?»

«ነገ ነው የምንሞክረው።»

«እንግዲያው ነገ አይተሽ ንገሪኝ። ያኔ ስለ ቅዳሜ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ ሙከራውን ሣር ላይ አደረግነው። አሠልጣኛችን በልኬት ጀመሩ። ሽርጥ ሁለት ልክ አለው፤ አንዱ የጀልባው፣ ሌላው የሰው። ለጀልባው፣ የአፉን ርዝመትና ስፋት ከከንፈሩ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ጠርዝ እንለካለን፤ ከዚያ ሲባጎ ከከንፈሩ ሥር ዙሪያውን አዙረን ርዝመቱን እንወስዳለን። የእኔ ጀልባ አፍ 82 በ42 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለሰውነት ደግሞ ወገብን አቅፎ ወደ ላይ የሚወጣው ክፍል ከእምብርት በላይ እስከ ጎድን አጥንት ሥር መድረስ አለበት። ዝቅ ካለ ጭናችን ላይ ውሃ ይጠራቀማል፤ ከጠበቀ ትንፋሽ ያሳጥራል። ላይፍ ጃኬት የሚለበሰው ከላዩ ነው። ቀለበቱ ግን በምንም ነገር መሸፈን የለበትም።

የደረሰኝ ሽርጥ ኒዮፕሪን ነበር። ኒዮፕሪን እ.ኤ.አ. በ1930 በዱፖንት ኩባንያ ኬሚስቶች የተገኘ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ የጠላቂዎች ልብስም ከእርሱ ይሠራል። እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል፣ ውሃ አያስተኛም፣ ማዕበል ሲመታው አይበገርም። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ጠባብ ከሆነ ለማስገባትም ለማውጣትም ጉልበት ይጠይቃል።

ጀልባው ውስጥ ተቀመጥኩ። አገባቡ ከኋላ ይጀምራል። ጠርዙን ከጀርባ ከከንፈሩ ሥር አስገብቶ፣ በሁለት እጅ ጎንና ጎኑን እየተከተሉ እስከ ዳሌ ማምጣት፣ እዚያ በክንድ ተጭኖ መያዝ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የፊቱን መወጠርና ማስገባት፣ በመጨረሻ የጎኖቹን መጨረስ ነው። የእኔው የፊቱን ስወጥር የኋላው ይፈናጠራል። አራት ጊዜ ሞከርኩ። አሠልጣኛችን ውሃ አፈሰሱበት፤ ኒዮፕሪን ሲርስ ይንሸራተታልና ገባ። «አሁን ልቀቂው» አሉኝ።

በባዶ እጄ ስስበው ወጣ። «ጓንት አድርጊና ድገሚው» አሉ። በባሕሩ ላይ የምናደርገው ወፍራም ጓንት ነው። የመጀመሪያው ስበት አልሆነም። ሁለተኛውም አልሆነም። በሦስተኛው ወጣ።

«ወጣ እኮ! ይበቃል» አለ አንዱ ጓደኛችን። «ማን ሊገለበጥ ነው?»

«እኔ አምና በእርሱ ነው የቀዘፍኩት፤ ምንም አልሆንኩም» አለ ሌላው። እርሱ ከእኔ በአንድ ራስ ይረዝማል፣ ክንዱም የእኔን ሁለት ያህላል።

ሁሉም ያየኝ ጀመር። ዕቃው ሊታሰር ደርሷል፣ ሌላ ሽርጥ መፈለግ የሁሉንም ጊዜ ይወስዳል። በእንዲህ ያለ ሰዓት እሺ ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ሦስቱን ስበቶች ተገልብጬ፣ በጨለማ ውሃ ውስጥ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኳቸው።

«ልኬ አይደለም» አልኩ።

አሠልጣኛችን ክርክር አላበዙም። ሽርጡ እንዲለጠጥ ጀልባው ላይ ወጥረን ሁለት ሌሊት አሳደርነው፤ አዲስ ወይም ጠባብ ኒዮፕሪን እንዲህ ሲደረግ ይላላል። ሐሙስ ስሞክረው በሁለተኛው ስበት ወጣ። አሁንም አልበቃኝም። ከዕቃ ቤቱ ጥግ አንድ የናይለን ሽርጥ ወጣ። ናይለን ቀላልና ሰፊ ነው፤ መሐሉ ረገብ ስለሚል ውሃ ያቁራል፣ ብርቱ ማዕበልም ሊያወጣው ይችላል። ይኸኛው ግን ጠርዙ ውስጥ ያለው ላስቲክ ገመድ ከኋላ በቋጠሮ የሚጠብቅና የሚላላ ነበር። መጀመሪያ ስለብሰው ወደ ቀኝ ስጠማዘዝ የግራው ጎን ወለቀ። ገመዱን ሁለት ጣት ያህል አሳጥረን ቋጠርነው። አሁንም ወለቀ። አንድ ጣት ጨመርን። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ስል ያዘ፤ መሐሉን በመዳፍ ሲጫኑትም ያዘ። ጓንት አድርጌ ቀለበቱን ስስበው በመጀመሪያው ስበት ወጣ። አምስት ጊዜ ደገምኩት፤ አምስቱንም ወጣ።

ዓርብ ሞቅ ወዳለው ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ወረድን። እናቴም ነጠላዋን ተከናንባ ዳር ላይ ቆመች። አሠልጣኛችን ደረት በሚደርስ ውሃ ከጎኔ ቆሙ። ትንፋሼን ያዝኩና ተገለበጥኩ። ወደ ፊት ጎንበስ፣ የጀልባውን ሆድ ሦስት ጊዜ መምታት፣ የአፉን ጠርዝ በእጅ እየዳሰሱ ወደ ፊት ሄዶ ቀለበቱን ማግኘት። ቀለበቱ መጀመሪያ ወደ ፊት ይገፋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይነሣል፤ ወደ ራስ ብቻ ከሳቡት ጠርዙ ከከንፈሩ አይላቀቅም። ከዚያ እጅን ዳሌ አጠገብ አድርጎ ሱሪ እንደሚያወልቁ ከጀልባው መውጣት ነው። ስወጣ የመጀመሪያው ድምፅ የእናቴ ነበር።

«ስምንት ቆጠርኩ!»

«ድገሚው» አሉ አሠልጣኛችን፤ «አሁን ቀለበቱ የለም ብለሽ።» ቀለበት ሊበጠስ፣ ከሥር ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ዳሌ አጠገብ ጨርቁን ጨብጦ ጠርዙን ከጎን መላጥ ነው። እርሱ አሥራ አንድ ሆነ። እናቴ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «ተመስገን። በይ እንግዲህ ነገ ሂጂ» አለችኝ።

ቅዳሜ ሄድን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሁለት ሦስት ማዕበል ሽርጤ ላይ ፈሰሰ። ማንም አልተገለበጠም። ዳር ስደርስ ጀልባዬ ውስጥ የነበረው ውሃ አንድ ብርጭቆ ቢሞላ ነው።

ያን ጥቁር ሽርጥ አልጣልነውም። አምና የቀዘፈበት ወንድማችን ለብሶት መጥቶ ነበር፤ በእርሱ ጀልባ ላይ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ በእርሱ ክንድ ደግሞ በመጀመሪያው ስበት ይወጣል። መልካም ሽርጥ ነው፤ የእርሱ ሽርጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ በቡድናችን አንድ ልማድ ገብቷል። ጀልባ ከመግፋታችን በፊት እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ «ቀለበትሽ ውጭ ነው? ስበሽ አይተሽዋል?» መልሱ አዎ ካልሆነ ስድስታችንም እንቆያለን። ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁለተኛውን ከየት እንዳመጣነው እናቴ ታውቃለች። ወዳጆቼ፣ እናንተም ውሃ ላይ የምትወጡ ከሆነ የሚይዛችሁን ነገር ገና ዳር ላይ ሳላችሁ አንድ ጊዜ ስባችሁ እዩት። ጓደኛችሁ «ልኬ አይደለም» ካለም ሲባጎውን አምጡና አብራችሁ ለኩ።