የመኪናን ድምፅ በቤት በተቀዳ ሸክላ ስለ መመርመር

ዓይን የማይወደውን ሲያይ ይከደናል፤ ጆሮ ግን መዝጊያ ስለሌለው የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህም በድምፅ ነገር ብዙ ሰው ሳይመረምር ይፈርዳል፤ አንዱ «መሣሪያው ደኅና ነው» ሲል ሌላው «ተበላሽቷል» ይላል፤ ሁለቱም ግን ምስክር አያቀርቡም። እኛም በፍርድ ቤት በጸሐፊነት የምናገለግል ስለ ሆንን፥ ያለ ምስክር የተሰጠ ፍርድ እንደማይጸና ዘወትር እናያለንና፥ በቤታችን የተነሣውን የድምፅ ክርክር በምን ምስክር እንደ ቈረጥነው ለአንባቢዎች ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

የተቀረጸ ድምፅና አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገቡት በአንድ ዘመን ነው። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቃላቸውን በሰም ላይ አስቀርጸው ላኩ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም ወዲህ ብዙ ሳይቈይ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የመኪናን ሥራ ሊማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳሉ፥ በበርሊን ከተማ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያም ዘፈን በሸክላ መቀረጽ በርሳቸው ተጀመረ። እንግዲህ መኪናና ሸክላ በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸው የዛሬ ነገር አይደለም። ሲዲ የሚባለው ሸክላ በ1975 ዓ.ም. ለገበያ የወጣ ሲሆን፥ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ድምፁንም በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ እየለካ በቍጥር ይይዛል።

የምንኖረው በምዕራብ አዲስ አበባ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ቤቴል በሚባለው ሰፈር ነው። ጠዋት በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ልደታ ስንወርድ መንገዱ በመኪና ብዛት ስለሚጨናነቅ፥ በመኪናችን ውስጥ የምንቈይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እሑድ እሑድም እናታችን ከኋላ ተቀምጠው በቴፑ ማሕሌት ማዳመጥ ይወዳሉ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን «ይህ ዕቃ ጸናጽሉን ይውጠዋል» እያሉ ማዘን ጀመሩ። ታላቁ ልጃችን ስፒከሮቹ ሁሉ ይለወጡ አለ፤ ቴፑን የገጠመልን ባለ ሱቅ ደግሞ ምንም ጕድለት የለበትም ብሎ ማለ። ለአዲሶቹ የተጠየቀው ዋጋ ከወር ደመወዛችን የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ገንዘቡን ከማውጣት አስቀድሞ መመርመር የሚገባ ሆኖ አገኘነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ከበሮና ጸናጽል ድምፃቸው እንዴት እንደሚለያይ በጆሮ አስለምዶናል፤ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ድምፅ ማለት የአየር መርገብገብ መሆኑን፥ ርግብግቡ ሲፈጥን ድምፁ እንደሚቀጥን፥ ሲዘገይ እንደሚወፍር አስተምሮናል። በሁለቱ ተመርተን፥ ኦዳሲቲ በተባለው በነፃ በሚገኝ የኮምፒዩተር መሣሪያ የሚከተለውን አሰናዳን። በመጀመሪያ «ግራ» የሚለውን ቃል በግራ በኩል ብቻ፥ «ቀኝ» የሚለውን በቀኝ በኩል ብቻ ቀዳን። ቀጥሎም አንድ ንባብ በሁለቱም በኩል እኩል እንዲሰማ አደረግን። ከዚያ በሰከንድ 40፥ 100፥ 1,000፥ 8,000 እና 16,000 ጊዜ የሚርገበገቡትን ድምፆች በተራ አስገባን። ቀጥሎ ምንም ድምፅ የሌለው የሁለት ደቂቃ ዝምታ፤ በመጨረሻም በገና፥ ከበሮና ጸናጽል።

ይህን የሚሠራ ሰው ሲዲውን ዝግ ባለ ፍጥነት ይቅዳ፤ እንደ ተራ ፋይል ሳይሆን የድምፅ ሲዲ አድርጎ ይቅዳው፤ በላዩም የወረቀት ምልክት አይለጥፍ፤ ወረቀቱ በሙቀት ተላጦ በመሣሪያው ውስጥ ሊቀር ይችላልና። ቀጫጭኖቹንም ድምፆች ዝቅ አድርጎ ያሰማ፤ ሲበዙ ትንንሾቹን ስፒከሮች ያቃጥላሉ፤ ጆሮንም ይጐዳሉ።

ምርመራውንም በቅዳሜ ቀን በግቢያችን አደረግን። በዝምታው ጊዜ ሞተሩን አስነሥተን ነዳጅ ስንሰጥ አብሮ የሚጨምር ፉጨት ቢሰማ፥ ጥፋቱ ከኤሌክትሪክ መስመሩ እንደ ሆነ ይታወቃል፤ እኛ ዘንድ ግን አልተሰማም። በሁለቱም በኩል የተቀዳው ንባብ ከመካከል መሰማት ሲገባው ከኋላ ተበታተነ፤ ወፍራሙም ድምፅ ሳሳ። ሲታይ የኋላው ግራ ስፒከር ሽቦው ተገልብጦ ታስሮ ኖሯል፤ ባለ ሱቁም ያለ ዋጋ አቃናው። 16,000ውን ልጆቻችን ሰሙት፤ ዕድሜያችን ከአርባ ያለፈ እኛ አልሰማነውም፤ ይህም በዕድሜ የሚሆን ነው። 8,000ውን ግን ሁላችን ስንሰማ እናታችን ብቻ «መቼ ይጀምራል?» ብለው ጠየቁ። ጸናጽሉም ሲንሿሿ በዝምታ ተቀምጠው የኛን ፊት ይመለከቱ ነበር።

መሣሪያው በዚህ ነገር ነፃ ወጣ። የጆሮ ሐኪምም መርምሮ፥ ከዕድሜ ጋራ የሚመጣ የመስማት ድካም መሆኑን ነገረን፤ በጆሮ የሚደረግ መርጃም አዘዘ። እናታችንም ይህን ሲሰሙ «እኔስ የዛሬ ልጆች ጸናጽል መያዝ የተዉ መስሎኝ አዝኜ ነበር» አሉ። ለካስ ስለ ቴፑ ብቻ አልነበረም ያዘኑት።

ሰ፥ ሸ እና ፈን የመሳሰሉት ፊደላት የሚለዩት በቀጭኑ ድምፅ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለው ሰው ንግግርን ይሰማል፥ ቃሉን ግን አይለይም። መጮኽም ብዙ አይረዳውም፤ ከፊቱ ሆኖ ቀስ ብሎ መናገር ይበልጣል። ስለዚህ በቤቱ ሽማግሌ ያለው ሁሉ «አልሰማ አሉ» ወይም «ነገር ረሱ» ከማለቱ በፊት ጆሯቸውን ያስመርምር። ባዶ ሲዲ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ወላጆቹ ምን እንደ ቀረባቸው ማወቅ ግን ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።